የካርናቲክ ድምፃዊ ከሁሉም በፊት የጉሩውን ስም የሚጠራው ለምንድነው?

የደቡብ ህንድ ክላሲካል ሙዚቃ፣ ካርናቲክ የሚባለውን፣ የሚዘፍን ሰው ፕሮፋይል ዩቲዩብ ላይ ወይ የኮንሰርት ፕሮግራም ላይ ብታነቡ ከሽልማቱም ከትውልድ ቦታውም በፊት የሚመጣው የማን ተማሪ እንደሆነ፣ ማለትም ጉሩው (መምህሩ) ማን እንደሆነ ነው። የእገሌ ተማሪ፣ እገሌ ደግሞ የእገሌ ተማሪ እያለ ወደ ኋላ ይሄድና ብዙ ጊዜ ከ200 ዓመት በፊት የኖረ አንድ ሰው ላይ ይቆማል። ለማያውቀው ይሄ የክብር ጉዳይ ነው የሚመስለው፣ ዘር እንደመቁጠር አይነት። እኔ ግን ይሄን ሙዚቃ ስሰማ ቆይቼ የገባኝ ነገር ሰንሰለቱ ጌጥ እንዳልሆነ ነው፣ ሙዚቃው የተቀመጠበት ቦታ ራሱ እሱ ነው። ወረቀት ላይ ያለው ትንሹ ክፍል ነው፣ ትልቁ ሰው ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚ ድምፃዊው ከማን እንደወሰደው ካላወቃችሁ የምትሰሙት ነገር ምን እንደሆነ በደንብ አታውቁም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ባጭሩ ስለ ሙዚቃው። ካርናቲክ በታሚል ናዱ፣ በካርናታካ፣ በአንድራ ፕራዴሽ፣ በቴላንጋና እና በኬራላ ያለው ነው። የሰሜኑ፣ ራቪ ሻንካር በሲታር ለዓለም ያስተዋወቀው፣ ሂንዱስታኒ ይባላል፣ ዘመዳሞች ናቸው ግን መንገዳቸው ለየቅል ነው። ካርናቲክ ውስጥ ዋናው የሰው ድምፅ ነው፣ ቫዮሊን ወይ ዋሽንት የሚጫወተው ሰው እንኳን የሚጫወተው ግጥም ያለው፣ የሚዘፈን ድርሰት ነው። ድርሰቱ ክሪቲ ይባላል፣ አብዛኛው ለራማ፣ ለሺቫ፣ ለእናት አምላካቸው የቀረበ ጸሎት ነው። እያንዳንዱ ክሪቲ ታላ አለው፣ ያ የምቱ ዑደት ነው፣ ራጋም አለው። ራጋ ስኬል ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የትኛው ድምፅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛዋን ሐረግ ስትሰማ "አሃ፣ ይሄ እሱ ነው" እንደምትል፣ ይሄ ሁሉ ተደምሮ ነው ራጋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰባቱ ድምፆች ሳ ሪ ጋ ማ ፓ ዳ ኒ ይባላሉ፣ ሲጻፉም በእነዚሁ ፊደሎች ነው። ቶዲ የሚባል ከባድ ራጋ አለ፣ ትልልቆቹ ድምፃውያን ሲገቡበት ቶሎ የማይወጡበት። የቶዲ "ጋ" ወረቀት ላይ በቃ "ጋ" ተብላ ነው የምትጻፈው። ፒያኖ ላይ ያችን ቁልፍ ፈልጋችሁ ብትመቱ ግን ቶዲን በጭራሽ አታገኙትም፣ ምክንያቱም ድምፃዊው ያቺ ቦታ ላይ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ከሪ አካባቢ ተነስቶ ወደ ማ እየተወዛወዘ ይመለሳል፣ ጆሮ "ጋ" ብሎ የሚሰማው ያንን እንቅስቃሴ በሙሉ ነው። ፍጥነቱ ምን ያህል ይሁን፣ ስፋቱስ፣ መነሻው ላይ ይጠንክር ወይስ መጨረሻው ላይ፣ ወደ ላይ ሲወጣና ወደ ታች ሲወርድ በምን ይለያል፣ አንዱም ፊደሏ ላይ የለም። ያችው "ጋ" ካራሃራፕሪያ የሚባለው ራጋ ውስጥ ስትገባ ደግሞ አወዛወዟ ይቀየራል፣ አጻጻፏ ግን ያው ነው። ይሄ ማወዛወዝ፣ ማንሸራተት፣ ከአንዱ ወደ አንዱ መሳብ ባንድ ላይ ጋማካ ይባላል። ጋማካውን ካወጣችሁት የሚቀረው የድምፆች ዝርዝር ነው፣ ሙዚቃው አብሮ ይወጣል።

ዜማ ቤት ያለፈ ሰው ይሄ አዲስ አይሆንበትም። ድጓው ላይ ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ተቀምጧል፣ ግን ከየኔታ አፍ ሳይሰማ ምልክቱን ብቻ አይቶ ያዜመ ሰው የለም። እዛም ነገሩ እንደዛ ነው።

ስለዚ ትምህርቱ በጆሮ ነው የሚሄደው። ጉሩው አንድ መስመር ይላል፣ ተማሪው ይደግማል፣ ካልሆነ ጉሩው ያንኑ መስመር እንደገና ይላል፣ እንደገና ካልሆነ እንደገና። ብዙ ጊዜ "እዚህ ጋ እንዲህ አድርግ" የሚል ማብራሪያ የለም፣ ጉሩው ራሱ ሲማር ማንም አላብራራለትማ። ተማሪው እስኪሰማው ድረስ ይደገማል፣ መጀመሪያ ጆሮ ነው የሚከፈተው ጉሮሮ ከዛ ይከተላል።

የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ግን ሥርዓት አላቸው፣ ሥርዓቱን አበጀ የሚባለውም ከ1484 እስከ 1564 የኖረው ፑራንዳራ ዳሳ ነው፣ የካርናቲክ አያት ብለው ነው የሚጠሩት። እስከ ዛሬ ቼናይ ውስጥ ይሁን ለንደን ውስጥ ጀማሪ ልጅ የሚጀምረው ማያማላቫጎውላ በሚባለው ራጋ ሳ ሪ ጋ ማ ፓ ዳ ኒ ሳ እያለ ወደ ላይ ወጥቶ በመውረድ ነው፣ ይሄ ሳራሊ ቫሪሳይ ይባላል። ከዛ እያንዳንዱን ድምፅ ሁለት ሁለቴ የሚያስብሉ ልምምዶች፣ ከዛ በሰባት የታላ አይነት የሚሄዱ አላንካራዎች፣ ከዛ ጊታም የሚባሉ አጫጭር መዝሙሮች፣ ከዛ ቫርናም የሚባል ረዘም ያለ ድርሰት፣ ከዛ ነው ክሪቲ የሚመጣው። ልጁ ይሄን ሁሉ ሲል ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ታላ ይቆጥራል። አዲ ታላ የሚባለው 8 ምት ነው፣ በመዳፍ አንድ መምታት፣ ከዛ ትንሿ ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ የመሃል ጣት፣ ከዛ በመዳፍ መምታት፣ መዳፍ መገልበጥ፣ እንደገና መምታት፣ እንደገና መገልበጥ። ልምምዱ በሦስት ፍጥነት ነው፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ሦስተኛው የሁለተኛው እጥፍ፣ እጁ ግን ፍጥነቱን አይቀይርም፣ በያንዳንዱ ምት ውስጥ መጀመሪያ አንድ ድምፅ፣ ከዛ ሁለት፣ ከዛ አራት ይገባል። ትንሽ ልጅ ይሄን ሲያደርግ ማየት ያስደንቃል፣ እጁ ተረጋግቶ አፉ ይሮጣል።

ድሮ ታዲያ ተማሪው ጉሩው ቤት ገብቶ ነበር የሚኖረው፣ ጉሩኩላ ይባላል ይሄ። ውሃ ይቀዳል፣ ይላላካል፣ ገበያ ይሄዳል፣ እግር ያሻል፣ በምትኩ ይማራል፣ በገንዘብ የሚከፈል ወርሃዊ ክፍያ የለም። በዘመናችን አይን ይሄ የጉልበት ብዝበዛ ሊመስል ይችላል፣ አንዳንዱ ቤት በእርግጥም እንደዛ ነበር፣ እመለስበታለሁ። ግን በሙዚቃው በኩል ካየነው አብሮ መኖሩ የሚሰጠው ነገር የክፍለ ጊዜ ትምህርት ሊሰጥ አይችልም። ጉሩው ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ የሚያንጎራጉረው ራጋ፣ እንግዳ መጥቶ ስለ አንድ ሐረግ ሲከራከሩ፣ ኮንሰርት ከመሄዱ በፊት አንዷን መስመር ብቻ እየመላለሰ ሲሞክር፣ ይሄ ሁሉ ልጁ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ማንም "ትምህርት ተጀመረ" ሳይለው እየተማረ ነው።

ከዛ መድረኩ አለ። ይሄ እስከ አሁን ያለ ነገር ስለሆነ ማንኛውም የኮንሰርት ቪዲዮ ላይ ልታዩት ትችላላችሁ። ድምፃዊው መሃል ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ በአንድ በኩል ቫዮሊን በሌላ በኩል ምሪዳንጋም የሚባለው ከበሮ፣ ከኋላ ደግሞ ታምቡራ የያዘ ወጣት አለ። ታምቡራ አራት ክር ያለው ረጅም መሣሪያ ነው፣ ዜማ አይጫወትም፣ ኮንሰርቱ እስኪያልቅ መነሻውን ሳ እና ብዙ ጊዜ ፓን ብቻ እየመላለሰ ያሰማል። ያ ወጣት ብዙ ጊዜ የድምፃዊው ተማሪ ነው። ጉሩው ትንፋሽ ሲያጥረው ወይ አውቆ መስመሩን ሲለቅለት ከኋላ ቀስ ብሎ ይቀጥላል። ጉሩው በዛች ሰከንድ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ አልነገረውም፣ ግማሹ ኮንሰርት በቦታው የሚፈጠር ነው፣ ራጋውን ያለ ግጥም መዘርጋት አላፓና ይባላል፣ አንዷን የግጥም መስመር ይዞ በተለያየ ዜማ መመላለስ ኒራቫል፣ ሳ ሪ ጋ ማን ራሱን እየፈጠሩ መዝፈን ካልፓና ስዋራ። ተማሪው ጉሩው ወዴት ሊሄድ እንደሚችል የሚያውቀው አብሮት ስለኖረ ነው። እኔ ኮንሰርት ሳይ አይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዛ ከኋላ ወደተቀመጠው ልጅ ነው፣ ነገ ይሄ ሙዚቃ ምን እንደሚመስል እሱ ላይ ይታያል።

አንድ ሰንሰለት እንከተል እስቲ። ቲያጋራጃ በ1767 ቲሩቫሩር ተወለደ፣ ኑሮው ግን ካቬሪ ወንዝ ዳር ባለችው ቲሩቫያሩ ነበር፣ 1847 እስኪያርፍ። የጻፈው በብዛት በቴሉጉ ነው፣ ለራማ፣ ዛሬ በእጅ ያለው ወደ 700 ክሪቲ ነው። እሱ፣ ሙቱስዋሚ ዲክሺታር (1775–1835) እና ሺያማ ሻስትሪ (1762–1827) ሦስቱም እዛችው ቲሩቫሩር የተወለዱ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው፣ ሦስቱ ሥላሴ ማለት ነው ለካርናቲክ፣ እንደዛ ነው የሚጠሯቸውም።

የቲያጋራጃ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ፣ ሁሉም ግን አንድ አይነት ነገር ይዘው አልወጡም። ከእሱ በኋላ ዋላጃፔት፣ ኡማያልፑራም፣ ቲላይስታናም በሚባሉ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ሦስት መስመሮች ተፈጠሩ፣ ያንዱን ክሪቲ ሦስቱ ቤቶች በተለያየ መልክ ሊያወጡት ይችላሉ። ዋላጃፔት ቬንካታራማና ባጋቫታር የሚባለው ተማሪ የጉሩውን ሥራዎች በመጻፍ ታታሪ ነበር፣ የእሱ ቤት ጽሑፎች ማዱራይ ከተማ ተጠብቀው ይገኛሉ፣ እሱ ባይኖር ስንቱ ክሪቲ እንደጠፋ ይቀር ነበር። ማናምቡቻቫዲ ቬንካታሱባያር የሚባል ዘመዱም ተማሪው ነበር። የእሱ ተማሪ ፓትናም ሱብራማንያ አይየር (1845–1902)፣ የፓትናም ተማሪ ፑቺ በሚባል ቅጽል ስም የሚታወቀው ራማናታፑራም ስሪኒቫሳ አይየንጋር (1860–1919)፣ የፑቺ ተማሪ አርያኩዲ ራማኑጃ አይየንጋር (1890–1967)፣ የአርያኩዲ ተማሪ ኬ ቪ ናራያናስዋሚ (1923–2002)። አያችሁ፣ በ1767 ከተወለደው ሰው በ2002 ካረፈው ሰው ጋ ለመድረስ መሃል ላይ ያሉት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ናራያናስዋሚ ቪዲዮው ሁሉ አለ፣ ዛሬ ከፍታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

አርያኩዲ የዛሬው ኮንሰርት ቅርጽ አባት ነው የሚባለው፣ በቫርናም መጀመር፣ ደልደል ባለ ፍጥነት ብዙ ክሪቲዎችን ማሰማት፣ መሃል ላይ አንዱን ራጋ በሰፊው መዘርጋት፣ መጨረሻ ላይ ቀለል ያሉ መዝሙሮች። የእሱ አዘፋፈን ፈጠን ያለ፣ የማይዝል፣ ቆጠብ ያለ ነው። ተማሪው ናራያናስዋሚ ደግሞ ዘገም ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልብ እያባባ ነው የሚዘፍነው። ድርሰቱን ከጉሩው ነው የወሰደው፣ ልኩንም፣ ንጽሕናውንም፣ ግን ኮፒ አልሆነም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ሰንሰለት ሲባል ሙዚቃው እንደተቆለፈ ያለ ለውጥ የሚተላለፍ ይመስለዋል። ሁሉም ቤት የራሱ የድርሰት መልክ አለው፣ ያ ፓታንታራ ይባላል፣ አዋቂ አድማጮች ኮንሰርት መሃል "ይሄ የማን ፓታንታራ ነው?" እየተባባሉ ሲጠያየቁ ትሰማላችሁ።

ይሄን በደንብ የሚያሳየው ቫታፒ ጋናፓቲም ነው፣ ዲክሺታር ሃምሳድዋኒ በሚባለው ራጋ የደረሰው፣ ለጋኔሽ የቀረበ ክሪቲ፣ ኮንሰርት መክፈቻ ላይ በጣም የሚዘወተር። ዛሬ ሲዘፈን የመጀመሪያዋ መስመር ትባላለች፣ ከዛ ትንሽ ተቀይራ ትደገማለች፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ ከፍ ብላ፣ እያደገች እያደገች አዳራሹን ትሞላለች፣ እነዚህ ደረጃ በደረጃ የሚያድጉ ቅያሪዎች ሳንጋቲ ይባላሉ። ግን ከዲክሺታር ቤተሰብ በወጣው መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ብታዩ መዝሙሩ በጣም ቁጥብ ነው፣ ያ ሁሉ ሳንጋቲ የለም። ሳንጋቲዎቹን ያበጃቸው ማሃ ቫይድያናታ አይየር (1844–1893) ነው ተብሎ ይታመናል፣ እሱ ደግሞ የማናምቡቻቫዲ ተማሪ ነው፣ ማለትም ከቲያጋራጃ መስመር። ስለዚ ዛሬ ቫታፒን ስትሰሙ የምትሰሙት የአንዱን ቤት ድርሰት በሌላው ቤት እጅ አልፎ ነው። ይሄ እንደ ብክለት አይቆጠርም፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይዘፍነዋል። ለነገሩ መስመሮቹ ከመጀመሪያውም የተጠላለፉ ናቸው፣ የሺያማ ሻስትሪ ልጅ ሱባራያ ሻስትሪ ከአባቱም ከቲያጋራጃም ከዲክሺታርም ተምሯል።

ያ መጽሐፍ ያልኩት ሳንጊታ ሳምፕራዳያ ፕራዳርሺኒ ይባላል፣ በ1904 ኤታያፑራም ላይ ታተመ። ያዘጋጀው ሱባራማ ዲክሺታር ነው፣ ሙቱስዋሚ ዲክሺታር ሲያርፍ እሱ ገና አልተወለደም፣ ቫዮሊንን ወደ ካርናቲክ በማስገባት ስሙ የሚነሳው የዲክሺታር ወንድም ባሉስዋሚ ነው በማደጎ ያሳደገው። ቺናስዋሚ ሙዳሊያር የሚባል ክርስቲያን የሙዚቃ አፍቃሪ በቤተሰቡ ያለው ነገር እንዳይጠፋ ተጽፎ ይውጣ ብሎ ብዙ ወተወተ፣ የኤታያፑራም ገዢም አገዘ፣ እንደዛ ሆኖ ነው የወጣው። 229 የዲክሺታር ክሪቲዎች አሉበት፣ ጋማካውንም በምልክት ለመጻፍ የሞከረ ትልቅ ሥራ ነው። ይሄ መጽሐፍ ባይወጣ ብዙ ነገር አብሮ ይቀበር ነበር፣ ይሄን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ግን እሱንም ለማንበብ ራጋውን በጆሮ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ምልክቱ "እዚህ ጋ አወዛውዝ" ይላል፣ እንዴት እንደሚወዛወዝ የሚያውቀው የሰማ ሰው ነው። የሱባራማ ልጅ አምቢ ዲክሺታር ወደ ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) መጥቶ አስተማረ፣ ከተማሩት አንዷ ዲ ኬ ፓታማል (1919–2009) ነበረች፣ መጽሐፉ ብቻውን ያልሠራውን እሷን የመሰሉ ሰዎች መድረክ ላይ ሠሩት።

እስካሁን የጠራኋቸው ስሞች ከፓታማል በስተቀር ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ ከጥቂቶች በስተቀርም ብራህሚኖች፣ ማለትም ከሂንዱ የካህናት ዘር የሆኑ። በመጽሐፍ የሚጻፈው ሰንሰለት ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው። ይሄ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው፣ የቀረው ግማሽ በሴቶች በኩል ነው የመጣው፣ እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ የምወደውም እሱን ነው።

ደቡብ ህንድ ውስጥ ዴቫዳሲ የሚባሉ ሴቶች ነበሩ፣ ለቤተ መቅደስ የተሰጡ፣ ሙዚቃና ዳንስ ከእናት ወደ ልጅ የሚወራረስባቸው ቤተሰቦች። ቪና ዳናማል (1867–1938) ከእነዚህ አንዷ ነበረች፣ ቪና የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ እየተጫወተች የምትዘፍን። አርብ አርብ ማታ ማድራስ ውስጥ ቤቷ የምታደርገውን ዝግጅት ለመስማት የጊዜው ትልልቅ ሙዚቀኞች ይሄዱ ነበር። የእሷ ቤት የያዘው ፓዳም የሚባሉትን ነው፣ በተለይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የክሼትራያ የፍቅር ግጥሞች፣ እጅግ ዝግ ያሉ፣ አንዷ ቃል ላይ ጋማካው እየተፈታ እየተፈታ የሚሄድባቸው። እነዚህን ከወረቀት መማር አይታሰብም። ከዳናማል ወደ ልጆቿ፣ ከልጆቿ ወደ ልጅ ልጆቿ ብሪንዳ (1912–1996) እና ሙክታ (1914–2007) አለፈ፣ ዳንሰኛዋ ባላሳራስዋቲም (1918–1984) የልጅ ልጇ ነች። ስማቸው የገነነ ድምፃውያን ሳይቀሩ ፓዳም ለመማር ብሪንዳ ጋ ሄደው ቁጭ ብለዋል። ይሄ ሁሉ የሆነው ግን የቤተሰቦቹ ስም እየጎደፈ ባለበት ጊዜ ነው፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ዴቫዳሲነትን የሚቃወም ዘመቻ ነበር፣ በ1947 በማድራስ በሕግ ተከለከለ። ልጃገረዶችን ለቤተ መቅደስ መስጠት መቅረቱ ትክክል ነው፣ የሚያመው ሴቶቹ የያዙትን ጥበብ ሌሎች ወስደው መድረክ ላይ ሲከበሩበት እነሱ ራሳቸው ከመድረኩ መገፋታቸው ነው።

የቲያጋራጃ መታሰቢያም ላይ ይሄው ነገር አለ። በየዓመቱ ጥር አካባቢ ቲሩቫያሩ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሙዚቀኞች መሬት ላይ ተቀምጠው ፓንቻራትና የሚባሉትን አምስት ክሪቲዎቹን ባንድ ድምፅ ይዘፍናሉ። መቃብሩ ላይ ያለውን መቅደስ በ1920ዎቹ በራሷ ገንዘብ ያሠራችው ባንጋሎር ናጋራትናማ (1878–1952) ነች፣ እሷም ከዴቫዳሲ ቤተሰብ። ሴቶች ግን እዛ መዝፈን አይፈቀድላቸውም ነበር፣ እሷ ራሷ ባሠራችው ቦታ። ሴቶችን አሰባስባ የራሳቸውን ዝግጅት አደረገች፣ በ1940ዎቹ መግቢያ ላይ ቡድኖቹ ተዋሃዱና ሴቶችም አብረው መዝፈን ጀመሩ።

በሩ ላይ ማን ይቆማል የሚለው ጥያቄ እስካሁን አልተዘጋም። ትምህርቱ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ከተንጠለጠለ ያ ሰው ማንን እንደሚያስገባ ነው ነገሩ የሚወሰነው፣ እና ለረጅም ጊዜ የኮንሰርት መድረኩ በብራህሚኖች እጅ ነበር፣ ዛሬም በብዛት እንደዛው ነው። ናጋስዋራም የሚባለውን የቤተ መቅደስ መለከት መሰል መሣሪያ የሚጫወቱት የኢሳይ ቬላላር ማህበረሰብ ሰዎች ለሙዚቃው የሰጡት ቀላል አይደለም፣ የሚነገርላቸው ግን በልኩ አይደለም። ማሃባራታ በሚባለው የሕንዶች ጥንታዊ የግጥም ተረክ ውስጥ ኤካላቭያ የሚባል ልጅ አለ፣ ድሮና የሚባለው መምህር በዘሩ ምክንያት አላስተምርም አለው፣ ልጁ የመምህሩን ምስል በጭቃ ሠርቶ ፊቱ ቆሞ ቀስት ተለማመደ፣ ጎበዝ ሲሆን ድሮና መጥቶ የትምህርቴን ክፍያ ብሎ የቀኝ አውራ ጣቱን ጠየቀው፣ ልጁም ቆርጦ ሰጠ። ይሄን ታሪክ ሕንዶች ለመታዘዝ ምሳሌም ለግፍ ምሳሌም ያነሱታል። እኔ የማየው ግፉን ነው። ተማሪ ጉሩውን መጠየቅ የማይችልበት ግንኙነት ውስጥ በደል ሲደርስ መናገሪያ ቦታ የለም፣ በ2018 በርካታ ሴቶች በሙዚቀኞች ላይ የትንኮሳ አቤቱታ ይዘው ሲወጡ የማድራስ ሚዩዚክ አካዳሚ በዛ ዓመት የታኅሣሥ ፌስቲቫሉ በርካታ አርቲስቶችን ከፕሮግራሙ አወጣ። ሙዚቃውን የሚወድ ሰው ይሄን መደበቅ የለበትም፣ ጉሩን ማክበር አንድ ነገር ነው ጉሩ የማይጠየቅ መሆኑ ሌላ ነገር ነው፣ ክብሩን ይዞ ሁለተኛውን መተው ይቻላል።

የጉሩኩላው ኑሮ እየቀረ የመጣው ሙዚቃው ከነገሥታት ቤትና ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ወደ ከተማ ሲገባ ነው። የማድራስ ሚዩዚክ አካዳሚ በ1928 ተመሠረተ፣ ከዛ ኮሌጆች መጡ፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ፈተና፣ ዲፕሎማ። ትልልቅ ጉሩዎች ኮሌጅ ገብተው አስተምረዋል፣ ታይገር ቫራዳቻሪያር የፓትናም ሱብራማንያ አይየር ተማሪ ነበር፣ በኮሌጅ ኃላፊነትም ሠርቷል። ኮሌጅ ተዘግቶ የነበረውን በር ለብዙ ሰው ከፍቷል፣ ግን 30 ልጅ ባንድ ክፍል አስቀምጦ የቶዲን ጋማካ በያንዳንዱ ጉሮሮ ላይ መከታተል አይቻልም፣ ስለዚ ዲፕሎማ ይዞም መድረክ ላይ መድረስ የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጉሩ ፈልጎ ይጠጋል።

ሸክላና ሬዲዮ ደግሞ ሌላ መንገድ አመጡ። ጂ ኤን ባላሱብራማንያም (1910–1965)፣ በአጭሩ ጂ ኤን ቢ፣ በድሮው ልክ ለዓመታት ጉሩ ቤት የኖረ ሰው አልነበረም። በመስማት ነው በብዛት የተሠራው፣ አርያኩዲን የልቡ ጉሩ አድርጎ ይቆጥረው ነበር፣ የናጋስዋራም ተጫዋቹን የራጃራትናም ፒላይን ፈጣን ሐረጎች ደግሞ ወደ ድምፅ አመጣቸው። ከዛ ራሱ የሰንሰለት መነሻ ሆነ፣ ተማሪው ኤም ኤል ቫሳንታኩማሪ (1928–1990)፣ የእሷ ተማሪ ሱዳ ራጉናታን። እና ሰንሰለት በሌለበት ቦታ አዲስ ሰንሰለት ይጀመራል ማለት ነው፣ ከጠንካራ ጆሮ።

ውጭ አገር ስንሄድ የባላሳራስዋቲ ወንድሞች ቲ ራንጋናታን በምሪዳንጋም፣ ቲ ቪስዋናታን በዋሽንት፣ አሜሪካ ኮነቲከት ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። እዛ ጆን ሂጊንስ የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ ነበር፣ ከዛ ማድራስ ሄዶ ቀጠለ፣ እዛ ሰው ፊት ዘፈነና ተቀባይነት አገኘ፣ ሂጊንስ ባጋቫታር ብለው ጠሩት፣ ባጋቫታር ለባህሉ ሙዚቀኛ የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። ስለ ዘሩ ያወራ ሰው ቢኖርም ሲዘፍን የሚሰማው የዳናማል ቤት አዘፋፈን ነበር። ክሊቭላንድ ኦሃዮ ላይ ደግሞ ከ1978 ጀምሮ የቲያጋራጃ መታሰቢያ በየዓመቱ ይደረጋል፣ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ልጆች እዛ ይወዳደራሉ፣ ይዘፍናሉ።

ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ዛሬ በዙም እና በመሳሰሉት ነው ቼናይ ካለ ጉሩ ጋ የሚማሩት። አንድ ችግር አለው፣ ድምፁ በኢንተርኔት ሲሄድ ትንሽ ስለሚዘገይ ሁለት ሰው አብሮ መዝፈን አይችልም፣ ታላውም አብሮ አይገጥምም። ስለዚ ጉሩው ይላል፣ ዝም ይላል፣ ልጁ ይደግማል። የመደጋገሙ ክፍል ይሠራል እንዲያውም በደንብ ይሠራል፣ ሪከርድ ተደርጎም ማታ ሊሰማ ይችላል። የማይሠራው ከኋላ ተቀምጦ መቀጠሉ ነው፣ ጉሩው የጀመረውን ሐረግ በዛችው ሰከንድ አንስቶ መሄዱ። ለዚህ ነው ከውጭ ያሉት ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቼናይ የሚሄዱት፣ ብዙዎቹም ታኅሣሥ ላይ ኮንሰርቱ በሚበዛበት ወር ሄደው ቀን ጉሩ ቤት ማታ አዳራሽ የሚሆኑት።

መስማት ለምትፈልጉ፣ ከአንድ ዘፋኝ ብዙ ሥራ ከመስማት አንዱን ክሪቲ ይዛችሁ ከሁለት ሦስት መስመር ስሙት። ለጀማሪ ቫታፒ ይሻላል፣ አጭር ነው፣ ሳንጋቲው ግልጽ ነው፣ የመጀመሪያዋ መስመር ስንት ጊዜ እንደተመላለሰችና በየጊዜው ምን እንደተጨመረባት ቁጠሩ። ከዛ አርያኩዲና ናራያናስዋሚ የዘፈኑት አንድ አይነት ክሪቲ ካገኛችሁ ተከታትላችሁ ስሙ፣ ፍጥነቱን ተዉትና መስመሩ የሚታጠፍበትን ቦታ ብቻ ተከተሉ፣ የሚመሳሰሉት እዛ ጋ ነው። ፓዳሙን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ ብሪንዳና ሙክታ አብረው የዘፈኑት ሪከርድ አለ፣ ድምፁ የቆየ ስለሆነ በጆሮ ማዳመጫ ይሻላል፣ እና ቸኩላችሁ አትዝለሉት፣ የመጀመሪያዋ ቃል ራሷ እስክትጨረስ ጊዜ ትወስዳለች።